ሬዲዮው ሲያወራ እኛ እርሻ ላይ ነን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ ስለ ቴሌቪዥን ድራማና ስለ ዩቲዩብ ብዙ ይጽፋል። ስለ ሬዲዮ ያወጣችሁትን ካነበብኩ ግን ሰንብቻለሁ። ሬዲዮ አብቅቶለታል ብላችሁ ከሆነ አንድ ማለዳ ደምበጫ ኑና ከእኔ ጋር ወደ ገበያ ውረዱ። ቡና የምታፈላዋ፣ ልብስ ሰፊው፣ ጎማ የሚለጥፈው ልጅ፣ ሁሉም ከጎኑ አንድ የሚያወራ ነገር አለው። በ2015 ዓ.ም ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲቆይማ፣ ሬዲዮ የሽማግሌ ነው ይሉ የነበሩት ሳይቀሩ ከቁም ሳጥን ላይ አውርደው አቧራውን ጠረጉለት።

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ቤቴ ከተማው ጫፍ ላይ ስለሆነ በአንድ በኩል የሚጎራበቱኝ ነጋዴዎች፣ በሌላው በኩል ገበሬዎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ የማደምጥ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሥራ የለኝማ። የምጽፍላችሁም ስለዚሁ ነው። በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩት ጣቢያዎቻችን ለገበሬው የሚያዘጋጁትን ዝግጅት ገበሬው አይሰማውም፤ እኔ ነኝ የምሰማለት።

ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላስወጣ ብሎ ጎረቤቴ እኔው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የግብርና ፕሮግራም ገባ። ርእሱ አሲዳማ አፈር ነበር። ነገሩ ለእኛ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ በአገሪቱ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላዩ አሲዳማ እንደሆነ ባለሙያዎች ይናገራሉ፤ ዝናብ የሚበዛበት የጎጃም ደጋ ደግሞ ዋነኛው ተጠቂ ነው። ማዳበሪያ እየተገዛ፣ ያውም በዚህ ዋጋ፣ ምርቱ አልጨምር የሚለው አንድም በዚሁ ምክንያት ነው። ጋዜጠኛው «የአፈር አሲዳማነትን ከማከም አኳያ የተከናወኑ ተግባራትን በተመለከተ» ብሎ ጀመረ። ጎረቤቴ ዘወር አለና «አፈር ታመመ እንዴ?» አለኝ። መሬቱ ደክሟል ማለታቸው ነው አልኩት። «ታዲያ ደክሟል አይሉም?» አለና ጋቢውን ሰብስቦ ወደ ሬዲዮው ተጠጋ።

ባለሙያው ጎበዝ ነበር። የአፈሩን አሲድነት የሚቀንሰው ኖራ የት እንደሚገኝ፣ እንዴት እንደሚበተን፣ ከአፈሩ ጋር በእርሻ መገልበጥ እንዳለበት አስረዳ። ከዚያ ኖራው ዘር ከመዝራቱ ከአንድ ወር በላይ ቀድሞ መሬት ውስጥ ቢገባ ጥሩ ነው አለ። ጎረቤቴ ሳቀ። በቆሎው ጉልበት ደርሷል፤ የጤፉ መሬትም ተዘጋጅቶ ሊዘራ ነው። ለማንኛውም ለከርሞ ይሆናል ብሎ፣ ለአንድ ቃዳ መሬት ስንት ኩንታል እንደሚያስፈልግ ሊሰማ ጆሮውን አቅርቦ ሳለ፣ ሙዚቃ ገባና «አድማጮቻችን፣ አሁን በቀጥታ ወደ ስብሰባ አዳራሹ እንወስዳችኋለን» ተባለ። ጭብጨባ ሰማን። ከጭብጨባው በኋላ የመክፈቻ ንግግር፣ ከዚያ ሌላ ጭብጨባ። ፕሮግራሙ በዚያ ቀን አልተመለሰም። በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ሰዓት ጠብቄ ሰማሁ፤ ስለ ዶሮ እርባታ ነበር።

የጣቢያውን ስም አልጽፍም፤ የአንዱ ብቻ ጥፋት አይደለምና። የሰዓት ሠንጠረዡን የሚያወጣው ሰው ግን መቼም ገበሬ ቤት አላደረም። በ8 ሰዓት ገበሬ እርሻ ላይ ነው። 12 ሰዓት ላይ ከብቱን ያስገባል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ይበላል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት እሳት ዳር ነው፤ ሬዲዮ የሚሰማውም ያኔ ነው። በዚያ ሰዓት ምን ይተላለፋል? የእንግሊዝ ኳስ ትንተና። ኳስ አልጠላም፤ ልጆቼም አርሰናል ናቸው። ግን በቆሎ የሚያበቅል አገር ውስጥ የምሽቱ ሰዓት ሁሉ ለኳስ ተሰጥቶ የበቆሎው ነገር በጠራራ ፀሐይ መነገሩ ግራ ያጋባኛል። በቆሎውን የሚበላው ተምች፣ በ2009 ዓ.ም የገባው መጤው ማለቴ ነው፣ ራሱ በቀን ተደብቆ ማታ ይወጣል፤ ስለ እሱ የሚነገረው ግን እኩለ ቀን ላይ ነው።

በ1980ዎቹ ገጠር ሳስተምር የትምህርት በሬዲዮ ፕሮግራም ነበረን። ሰዓቱ ሲደርስ አንድ ተማሪ ሬዲዮውን ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ እንደ ታቦት በሁለት እጁ ተሸክሞ ያመጣል። ድንጋዩ ከደከመ ጠዋት ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ሲመታው ለአንድ ክፍለ ጊዜ ያህል ነፍስ ይዘራል። የእንግሊዝኛው ትምህርት ጥያቄ ይጠይቅና ልጆቹ እንዲመልሱ ዝም ይላል። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ስህተቱን ይጮኹታል። ሬዲዮው «ቬሪ ጉድ!» ይላል። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ያለ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ይሄ ሰውዬ ከየት ሆኖ ነው የሚሰማን?» ብሎ ጠየቀኝ። አይሰማንም ማለት ከበደኝ። ዛሬ የአድማጭ አስተያየት ደረሰን እያሉ «ፕሮግራማችሁን በጣም እንወደዋለን» የሚለውን ብቻ ሲያነቡ ያ ልጅ ትዝ ይለኛል።

እርግጥ አሁን ስልክ አለ። ግን የስልክ መስመሩንም ተመልከቱት። ከወደ ጅጋ ወይም ከቢቸና አንድ ሽማግሌ ይደውላሉ። «ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ዋላችሁ፣ እንደምን ከርማችኋል፣ ቤተሰብ ደኅና ነው?» ሲሉ አቅራቢዋ «አባቴ፣ ሰዓት የለንም፣ በቀጥታ ወደ ሐሳብዎ ይግቡ» ትላለች። እኛ ዘንድ ሰላምታ ሳይጨርሱ ጉዳይ መጀመር እንደ ስድብ ነው። ሰውየው ይደናገጣሉ፣ ሬዲዮዎን ይቀንሱ ይባላሉ፣ ቁልፉን ሲፈልጉ መስመሩ ይቋረጣል። ቀጥሎ የሚገባው ያው ዘወትር የሚደውለው የከተማ ልጅ ነው፤ አቅራቢዋ በስሙ ትጠራዋለች። ለሰላምታ ግማሽ ደቂቃ ቢፈቀድ የሚጎድለው የአንድ ማስታወቂያ ያህል እንኳ አይሆንም።

ሁሉንም ላጣጥል አልተነሣሁም። የአማራ ሬዲዮ በአዊኛ ማሰራጨቱን ከልቤ አመሰግናለሁ። ከዳንግላና ከእንጅባራ በኩል የሚመጡ ነጋዴዎች ገበያው ዳር ሸክማቸውን አውርደው የገዛ ቋንቋቸውን ዜና ሲሰሙ ፊታቸውን ማየት በቂ ነው። የሸገሯ መዓዛ ብሩ እንግዳዋን አስቀምጣ፣ ሳታቋርጥ፣ ሰውየው እስኪያስታውስ ዝም ብላ የምትጠብቀውንም እወዳለሁ፤ እዚህ ድረስ በሬዲዮ ባይደርሰኝም ልጄ ከአዲስ አበባ በስልክ ይጭንልኛል። ዝም ብሎ መጠበቅ በሬዲዮ ከባድ ሥራ ነው።

ስለ ትረካ አንድ ነገር ልበል። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ያደመጠ ሰው ሌላ ትረካ ሲሰማ ማወዳደሩ አይቀርም። ታሪኩ የእኛው ነው፤ በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳ ከደምበጫ በዚሁ በባሕር ዳር መንገድ ላይ ናት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ጉዱ ካሳን ግን እንደ ጎረቤት ታውቀው ነበር። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ሰፌዷን አስቀምጣ ሬዲዮውን ትቆጣዋለች። ወጋየሁ አንድ ሰው ሆኖ አገር ሙሉ ሰው ይናገር ነበር፤ ከኋላው ሙዚቃ ይሰማ እንደነበር እንኳ አላስታውስም። አሁን በጣቢያዎቻችን የሚቀርበው ትረካ ዋሽንቱ ከተራኪው ድምፅ በላይ ነው። ደግሞ መጽሐፉ አያልቅም። ሦስት ሳምንት ይነበብና አራተኛው ሳምንት ላይ ሌላ መጽሐፍ ይጀመራል፤ ምን ሆነ ብሎ የሚነግረን የለም።

ድራማውም እንደዚያው። «የቀን ቅኝት»ን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከ1994 ዓ.ም ግንቦት እስከ 1997 ዓ.ም ኅዳር፣ 257 ክፍል፣ ተጀምሮ ተጨረሰ። የሚተላለፍበት ሰዓት ይታወቅ ስለነበር ሰው ሥራውን በእሱ ልክ ያደርግ ነበር። ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ በዓይነ አፋሯ አገራችን አባትና ሴት ልጅ አንድ ቤት ቁጭ ብለው የሰሙት በድራማ ስለመጣ ነው፤ በስብሰባ ዜና ቢመጣ ይዘጉት ነበር። ዘንድሮ የማደምጠው ጣቢያ አንድ ደኅና ድራማ ጀምሮ፣ ሴትየዋ ምጥ ላይ እንዳለች፣ በዓል ነው ተብሎ ተዘለለ፤ ከበዓሉ በኋላም አልመጣም። ባለቤቴ እስካሁን «ወለደች ወይ?» ትለኛለች።

ሌላው የሞገዱ ጉዳይ ነው፤ ይህን የሚያነሣው ሰው አይቼ አላውቅም። ኤፍ ኤም በቀጥታ ነው የሚጓዘው፤ ተራራ ሲያጋጥመው ይቆማል። ከጮቄ ሥር ባሉ ቀበሌዎች ከኮረብታው ጀርባ ስትገቡ ጣቢያው እየተንሿሿ ይጠፋል። መካከለኛ ሞገድ መሬቱን ተከትሎ ስለሚሄድ ሸለቆውም ውስጥ ይደርሳል፤ ማታ ላይ ግን የሩቅ አገር ጣቢያ እየገባበት በአረብኛ ያስቸግረዋል። የከፋው ደግሞ ወጣቱ ገበሬ ሬዲዮ የሚሰማው በስልኩ ነው፤ ያቺ መብራት ያላት ትንሿ አይቴል ኤፍ ኤም እንጂ መካከለኛ ሞገድ አትስብም። ስለዚህ ለገበሬ የተሠራው ዝግጅት በመካከለኛ ሞገድ ሲሄድ የገበሬው ልጅ በስልኩ ኳስ ይሰማል። አንድ ዝግጅት በሁለቱም ቢተላለፍ ምን ያህል ወጪ ይጨምራል? መሐንዲስ አይደለሁም፤ ቢሆንም የሚያስረዳኝ ባለሙያ ባገኝ ደስ ይለኛል።

ዜናውን አልነካውም ብዬ ነበር፤ ግን አላስችል አለኝ። አንድ ምሽት ወረቀትና እርሳስ ይዤ ቆጠርኩ። ከ11 ዜና 8ቱ ስብሰባ፣ ጉብኝት ወይም ምክክር ነበር፤ ሁሉም በ«ተገለጸ» አለቀ። በዚያ ሰሞን የደምበጫ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ማዳበሪያ ዋጋና ስለ ተቆፋፈረው የሰፈራችን መንገድ ነበር።

ከእናንተ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በጋዜጣችሁ አንድ ጥግ ላይ የሕዝብ ጣቢያዎቹን የሳምንት ፕሮግራም ከነሰዓቱና ከነሞገዱ አትሙልን፤ ጣቢያዎቹ ሰዓታቸውን ሲያጥፉ በጽሑፍ ያየነውን ይዘን እንድንጠይቃቸው። ጣቢያዎቹን የምጠይቀው ደግሞ የ8 ሰዓቱን የግብርና ዝግጅት ማታ 2 ሰዓት ላይ እንዲደግሙት ነው። አዲስ ሥራ አይደለም፤ የተሠራውን ማጫወት ነው። የኖራውንም ነገር መጋቢት ላይ ያቅርቡት፤ ያን ጊዜ መሬቱ ገና አልተዘራም።

ጎረቤቴ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አይቶኝ ለእኔም አንድ ነገር ጨምርልኝ ብሏል። ለአንድ ቃዳ ስንት ኩንታል ኖራ እንደሆነ አሁንም ይፈልጋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አድማጭ፤ ከደምበጫ፣ ጎጃም