ልጆቻችን ስልክ ላይ ስለሚስቁበት ሰው

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጤና ይስጥልኝ።

በቅርቡ በእረፍት ሰዓት ጥቂት ልጆች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ሲስቁ አገኘኋቸው። ቪዲዮው ላይ አንድ ወጣት መንገድ ዳር ተቀምጧል። ማስቲሽ ይስባል። የሚቀርጸው ሰው "ጨፍር" ይለዋል። ልጁም ይነሳና ይንገዳገዳል። ከሥር ሙዚቃ ገብቶበታል።

ከተማሪዎቹ አንዱ አልሳቀም። በኋላ ቢሮዬ መጣ። "ወንድሜ እንደዚያ ነው" አለኝ። "ጓደኛ ቤት ይዤ ሄጄ አላውቅም።" ይህን የምጽፈው እሱን አስፈቅጄ ነው። ቀኑንና ክፍሉን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ።

ሱስ ሕመም ነው፤ ይታከማል። የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ግን ሱስ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ማሳቂያ። ታክሞ ሥራ የጀመረውን ስንቴ አየን?

ከአሜሪካ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1985 ኮኬይን በወሰዱ 23 እናቶች ላይ የተሠራ አንድ ጅምር ጥናት ወጣ። ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም ተቀባበለው። ከእነዚህ እናቶች የሚወለዱ ሕፃናት "የክራክ ልጆች" ተባሉ፤ ክራክ የሚጨስ የኮኬይን ዓይነት ነው። አይማሩም፣ ሰው አይሆኑም ተባለ። ፊላደልፊያ ያሉ ሐኪሞች ግን ከ200 በላይ ሕፃናትን ከ20 ዓመት በላይ ተከታተሉ። ግማሾቹ እናቶቻቸው ኮኬይን የወሰዱ፣ ግማሾቹ ያልወሰዱ ነበሩ። ሁሉም ከድሃ ቤተሰብ ናቸው። በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ይበልጥ የጎዳቸው ድህነቱ ነበር። ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 በርዕሰ አንቀጹ ስህተቱን አምኗል። ዕፅ ነፍሰ ጡርን አይጎዳም ማለቴ አይደለም፤ ይጎዳል። እኔን እንደ መምህር የሚያንገበግበኝ፣ እነዚያ ልጆች ፊደል ሳይቆጥሩ ተስፋ የተቆረጠባቸው መሆኑ ነው።

ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ቴሌቪዥን ስታዩ እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ ከመጣ ዝም ብላችሁ አትለፉት። "ይሄ ሰው ምን ነካው? ማን ይርዳው?" ብላችሁ ጠይቋቸው። "ሱሰኛ" ከምትሉት "ሱስ ይዞት ነው" በሉ። ስልካቸው ላይ የዚህ ዓይነት ቪዲዮ ካያችሁም፣ ከመቆጣታችሁ በፊት አብራችሁ ተመልከቱት።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ያነጋግራችኋል። ቤታችሁ ውስጥ የታመመ ሰው ካለና በሰው ፊት መናገር ከከበዳችሁ፣ ቢሮዬ ኑ። የምትነግሩኝ ከእኔ አያልፍም።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር