አቦ፣ ለልጆቹ ቬንትሌተርና መጽሐፍ እንግዛ

የድሬ ልጆች፣ አገር ውስጥም ውጭም ያላችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ገንደ ቆሬ፣ በእድራችን አዳራሽ፣ ማታ ማታ ተማሪዎችን የቤት ሥራ እናግዛለን። ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያስጠና በየሰፈሩ አለ፣ ወላጅም ይከፍልበታል። ልጁ ስለ ግጥም፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ሃይማኖት ሲጠየቅ ግን ማን ጋ ይሂድ? ስልኩን ያወጣና ያገኘውን ገልብጦ ይገላገላል። እኛ የምናስጠናው እነዚህኑ ነው።

ባለፈው ሁለት ልጆች ሊደባደቡ ደረሱ። ጥያቄው «ድሬዳዋ መቼና ለምን ተመሠረተች?» ይላል። አንዱ 1895 አለ፣ ሌላው 1902። ጡረታ የወጡት የታሪክ አስተማሪያችን «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ያንተ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ያንተ በፈረንጆቹ» ብለው ገላገሏቸው። ከዚያ «ለምን» ወደሚለው ገቡ፤ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው፣ ተራራውን መውጣት ከባድም ውድም ሲሆን ግን ሐዲዱ እታች ሜዳው ላይ ቀረ፣ ከተማችንም እዚያው በቀለች። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው እኮ በእኛ አቆጣጠር በ1909 ነው!

ሃይማኖት ሲነሳ የሚሰጋ ወላጅ አለ፣ እውነቱን ነው። እኛ አንሰብክም። ስለ መጀመሪያው ሂጅራ የሚጠይቅ ኡስታዙ ጋ ይቀመጣል፤ በፈረንጆቹ 615 ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው አክሱም ንጉሥ ዘንድ እንዴት እንደተጠለሉ አሳምረው ይነግሩታል። ስለ ንጉሥ ኢዛና የሚጠይቅ ደግሞ መሪጌታ ጋ። (ድሬ «አንቱ» አታውቅም ለምትሉ፣ ለመሪጌታ ስንሆን እናውቃለን።) አንዷ «ክርስቲያን መሆኑን በምን አወቅን?» ብላ ወጥራ ያዘቻቸው። የሳንቲሞቹን ሥዕል አወጡላት፤ በፊተኞቹ ላይ ጨረቃና ክብ፣ በኋለኞቹ ላይ መስቀል። ፎቶ ኮፒው ጠቁሮ መስቀሉ አልታይ ቢላት የስልኳን መብራት አብርታ አፍንጫዋን ወረቀቱ ላይ ደፋች።

ግጥም ላይማ ስልክ ይከዳቸዋል። ሰምና ወርቁን አውጡ ይባላሉ፤ ስልኩ ግጥሙን አድንቆ ዝም። መሪጌታ ቃሉን አንዴ ገጥመው፣ አንዴ ሰብረው ጮክ ብለው ሲያነቡላቸው ግን ወርቁ ራሱ ብቅ ይላል፣ ልጆቹም በሳቅ ይፈርሳሉ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የድሬን ግንቦት ለድሬ ሰው አልናገርም። ሦስት ቬንትሌተር፣ አምፖልና ገመድ፣ ቁልፍ ያለው የመጽሐፍ መደርደሪያ እንፈልጋለን። ከመጽሐፍ መዝገበ ቃላት፣ የግጥም መድበል፣ የኢትዮጵያ ታሪክ፣ የሐረርን ግንብ፣ ጁገልን፣ ስላስገነቡት ስለ አሚር ኑር የተጻፈም ካለ። እዚህ ላይ የማየው እናንተን ነው፣ የሐረር ልጆች። ሽፋኑ ቢገነጠልም ግድ የለም፣ ገጹ ብቻ ይሙላ። የድሮ ፈተና ጥራዝ ግን ይቅርብን፣ ሞልቶናል።

ብር የምትሰጡ፣ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ደረሰኝ ትቆርጣለች፤ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ። የተገዛው ሁሉ ዋጋው ከነሱቁ በሩ ላይ ይለጠፋል። ውጭ ያላችሁ በዘመድ በኩል ላኩ። ኪሱ ባዶ የሆነ ደግሞ በሳምንት አንድ ማታ መጥቶ ከልጆቹ ጋር ይቀመጥ፤ በተለይ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የምትችሉ፣ አንዳንዱ ልጅ መልሱን እያወቀ ጥያቄው በአማርኛ ስለሆነ ብቻ ይቸገራል።

ከእሑድ በቀር ሁሌም ከመግሪብ በኋላ ክፍት ነን። ባጃጁን የእድሩ አዳራሽ በሉት፣ ያውቀዋል።