ለኢትዮጵያ ፖስታ ኃላፊዎች፦ ቴምብሩ ከፖስታው አይነቀል

ጉዳዩ፦ በጠላት ወረራ ዘመን የተላኩ ደብዳቤዎች ከነፖስታቸው እንዲመዘገቡ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የምኖረው ኮተቤ ነው። ባለፈው ክረምት ሰፈራችን ውስጥ አንድ የቆየ ቤት ሲፈርስ ከሳንዱቅ የወጣው ወረቀት በሙሉ ለቆራሌ ተሸጠ። ሰምቼ ስሮጥ ዘገየሁ። ከጆንያው ያተረፍኩት አንዲት ፖስታ ብቻ ናት፤ እሷም ቀኝ ማዕዘኗ ተቀዷል። ቴምብሩን ቀድሞኝ የነቀለ ሰው አለ። ከማኅተሙ «ፖስታ ሚሊታሬ» (ወታደራዊ ፖስታ) የሚለው ይነበባል፤ ቁጥሩና ቀኑ ግን ከቴምብሩ ጋር ሄደዋል።

ለምን እንዳንገበገበኝ ልንገራችሁ። የኢጣልያ ጦር ወታደራዊ ፖስታ ቤቶች በማኅተማቸው ላይ የሚታወቁት በቦታ ስም ሳይሆን በቁጥር ነበር። ቁጥሩና ቀኑ አንድ ላይ ሲገኙ፣ ከሌሎች ደብዳቤዎች ጋር ተነጻጽረው፣ ጦሩ መቼ የት እንደሰፈረ ፍንጭ ይሰጣሉ። ኢጣልያ በ1932 ዓ.ም. ወደ ዓለም ጦርነቱ ከገባች በኋላ ደግሞ «ቬሪፊካቶ ፐር ቼንሱራ» (በሳንሱር ተመርምሯል) የሚል ምልክት ተጨመረ። ይህ ሁሉ ያለው ፖስታው ላይ ነው። ቴምብሩ በውኃ ተነክሮ ሲላቀቅ የሚቀረው በየገበያው የሚገኝ ቁራጭ ወረቀት ነው።

አባቴ የጠላትን ቴምብር አልበም ውስጥ ማኖር ጠላትን ማክበር ነው ይሉኝ ነበር። ያን ዘመን ያዩ ሰው ናቸውና አልተከራከርኳቸውም። እኔ ግን ሦስት ቴምብሮች ጎን ለጎን አስቀምጫለሁ። አንዱ አዲስ አበባ በ1928 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ የወጣው፣ የኢጣልያው ንጉሥ የቪክቶር ኢማኑኤል ምስል ከኢትዮጵያ ስም ጋር ያለበት ነው። ሁለተኛው የ1930ው ነው፤ እዚህ ላይ ስማችን የለም፣ «የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ» ይላል። ሦስተኛው በ1934፣ ከነጻነት በኋላ፣ የጃንሆይ ምስል ያለበት ነው፤ ስማችን ተመልሷል። ለልጆቼ ወረራ ምን እንደሆነ ያስረዳሁት በእነዚህ ነው። ኤርትራ ውስጥም እንግሊዞች በራሳቸው ቴምብር ላይ «ኤም.ኢ.ኤፍ.» (የመካከለኛው ምሥራቅ ጦር ማለት ነው) ብለው አትመው ይሠሩበት ነበር፤ የዚያም ደብዳቤ በብዙ ቤት አይጠፋም።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ቸርችል ጎዳና ያለው ሙዚየማችሁ ሰው እስኪመጣለት አይጠብቅ። አሮጌ ቤት በየቀኑ የሚፈርሰው እኛ ዘንድ፣ በኮተቤ፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ ነው። ስካነር የያዘ አንድ ባለሙያ በወር አንድ ቀን ወደ እነዚህ ሰፈሮች ላኩልን። ደብዳቤውን ከሰው እጅ አትውሰዱ፤ ሰው የአባቱን ወረቀት መስጠት ይፈራል፣ እውነቱንም ነው። ፊቱንና ጀርባውን አንስታችሁ፣ ከማን ቤት እንደተገኘ መዝግባችሁ ለባለቤቱ መልሱለት። በየቅርንጫፉ ግድግዳ ላይም «የቆየ ደብዳቤ ካለዎት ቴምብሩን አይንቀሉ» የሚል ወረቀት ይለጠፍ።

ኮተቤ የምትመጡበትን ቀን ብቻ አሳውቁኝ። ያቺን የተቀደደች ፖስታ፣ ከእሷም ጋር በእጄ ያሉትን ሙሉዎቹን ይዤ፣ ጎረቤቶቼንም አስከትዬ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የኮተቤ ቴምብር ሰብሳቢ