ሚሚዬ፣ ይሄን ለአባባ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው

ሚሚዬ እንዴት ነሽ፣ እማዬስ፣ ጋሼስ ከነልጆቹ። እኔ ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን። ብሩ ገባ አይደል? ትናንት ማታ ነው የላኩት፣ ካልገባ ዛሬውኑ ጻፊልኝ ደረሰኙ እጄ ላይ ነው። እና ሌላ ነገር ከማውራቴ በፊት፣ ያ ብር የአባባ ዓይን ነው። ለድንኳን አይደለም፣ ለበሬ መግዣ አይደለም፣ ጋሼም "ለጊዜው ላዙረውና" እንዳይል። የሰርግሽን ለብቻው እልካለሁ ብያለሁ እልካለሁ፣ ጥር ገና ነው።

ቮይስሽን ደጋግሜ ሰማሁት። አባባ ከኋላ ሆነው "ለመሆኑ ያለችበት አገር ምን ይመስላል፣ ተራራ አለው? ከብት አለው? ወይስ ፎቅ ብቻ ነው?" ሲሉ ይሰማል፣ አንቺ ደግሞ "እኔ ምን አውቃለሁ እሷ እኮ ጠፍታለች" ትያለሽ። ሆዴን ነው የበላኝ። አልጠፋሁም ሚሚዬ። ሌሊት ሺፍት የሚሰራ ሰው እናንተ ስራ ላይ ስትውሉ ይተኛል፣ እኔ ስነሳ እናንተ ከብት አስገብታችሁ እራት ላይ ናችሁ፣ ስደውል ኔትወርክ የለም፣ ኔትወርክ ሲኖር መብራት ጠፍቶ ስልካችሁ ዝግ ነው፣ ሁሉም በኔ አይደለም። ደግሞ እውነቱን ከፈለግሽ የማወራው ነገር ስለ ስራ ብቻ ሆኖብኝ ነበር፣ ስለ ስራ ደግሞ ለናንተ ማውራት አልፈልግም። አባባ ስለ አገሩ ሲጠይቁ ግን ደስ አለኝ። ፎቶ ብልክ የዓይናቸው ሞራ አያሳያቸውም፣ ስለዚህ እጽፈዋለሁ አንቺ አንብቢላቸው፣ ለአንቺ ብቻ ያልኩትን ግን ዝለዪው እሺ?

አባባ እንደምን ሰነበቱ። ያለሁበት ደሴት ነው፣ አይል ኦፍ ዋይት ይባላል፣ ከእንግሊዝ በስተደቡብ ነው በመርከብ ነው የሚገባው። እኔ ያለሁት በምዕራቡ ጫፍ ፍሬሽወተር የምትባል ትንሽ መንደር ነው፣ ፎቅ ብዙም የለም። ተራራ አለው ወይ ላሉት፣ አለው ብዬ ለእርስዎ መናገር ይከብደኛል፣ ከፍታው 147 ሜትር ነው፣ መንዝ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ቁጭ ብሎ ለሚያየው ሰው ይሄ ጉብታ ነው። ግን ከባህሩ ቀጥ ብሎ ነው የተነሳው፣ ጫፉ ላይ ሲቆሙ ገደሉ እግርዎ ስር ነው፣ ነፋሱ ደግሞ የኛው ነፋስ ነው በግንቦት ጋቢ ያስለብሳል። ስሙ ቴኒሰን ዳውን ነው፣ ቴኒሰን እዚህ መንደር ከ1853 ጀምሮ (በኛ ካላልኩ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርዎ) ቤት የነበረው ትልቅ ገጣሚያቸው ነው፣ እዚህ ተራራ ላይ መመላለስ ይወድ ነበር፣ ሲሞት ጊዜ ጫፉ ላይ ትልቅ የድንጋይ መስቀል አቆሙለት በ1897። ከሩቅ ሳየው እሳለመዋለሁ፣ ለገጣሚ የቆመ ቢሆንም መስቀል መስቀል ነው።

ተራራው ሁለመናው ጠመኔ ነው አባባ። አፈሩ ከጣት ብዙ አይበልጥም ከስሩ ነጭ ድንጋይ ነው፣ ገደሉ ጎን ለጎን ነጭ ሆኖ ባህሩ ላይ ፀሐይ ሲወጣ ዓይን ያማል። ይሄ ሁሉ ጥንት የባህር ወለል ነበር፣ በዓይን የማይታዩ የባህር ፍጥረታት እየሞቱ ቅርፊታቸው ሲከመር ሲከመር፣ ከ70 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው ነገር ነው፣ ተጠቅጥቆ ድንጋይ ሆነ። ኋላ የአልፕስን ተራሮች ያነሳው ግፊት ይሄንንም ንጣፍ አጥፎ አቆመው፣ ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ ደሴቱን አቋርጦ ይሄዳል። መሃል መሃሉ ላይ ጥቁር ባልጩት ተደርድሯል፣ የኛ አባቶች ክብሪት ሳይኖር እሳት ያወጡበት አይነት። ሁለት አንስቼ ባጋጨው ያ የእሳት ሽታ አፍንጫዬን አለኝ።

በስተምዕራብ ጫፍ ጠመኔው እየተሸረሸረ ባህር ውስጥ ሦስት ነጭ አለቶች ቆመው ቀርተዋል፣ ኒድልስ ይሏቸዋል፣ ከመጨረሻው ስር በ1859 የተሰራ ለመርከቦች የሚያበራ የመብራት ማማ አለ። ድሮ አራተኛ ነበራቸው ቀጭን ሆኖ የቆመ፣ የሎጥ ሚስት ነበር የሚሉት፣ በ1764 በማዕበል ወደቀ። የሎጥ ሚስት ማለታቸው እንዴት እንዳስገረመኝ፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ትዝ አለኝ፣ እዚህም ያንኑ መጽሐፍ እያነበቡ ኖረዋል።

ከብት አለው ወይ ላሉት አለው፣ ይሄን ደግሞ በደንብ ይስሙኝ ምክንያቱም ለእርስዎ ነው የሚሆነው። ሳሩ አጭር ነው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፣ አፈሩ ደካማ ስለሆነ ጉልበተኛ ሳር አይበቅልበትም፣ ጉልበተኛ ስለሌለ ደግሞ ትንንሹ አበባ ሁሉ ቦታ ያገኛል፣ ደህና በሆነ የጠመኔ መሬት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ላይ እስከ 40 አይነት ተክል ይቆጠራል። ከብትና በግ ካልጋጠው ግን በጥቂት ዓመት ቁጥቋጦና እሾህ ይውጠዋል። በ1950ዎቹ የጥንቸል በሽታ ገብቶ ጥንቸሉ ሲያልቅ በየቦታው እንዲህ ያለው ሜዳ ዱር ሆኖ ቀርቷል። አሁን ተራራውን የያዘው ናሽናል ትረስት የሚባል ድርጅት ነው፣ የገጣሚው ቤተሰብ በ1927 ነው የሰጠው፣ ሆን ብሎ ከብት ይነዳበታል። እኛ ጋ ጓሳው እንዳይጋጥ ተዘግቶ ይጠበቃል፣ እዚህ እንዲጋጥ ይጠበቃል። እርስዎ ቢመጡ ሁለቱንም ያስረዷቸው ነበር፣ የትኛው ሜዳ መቼ እንደሚዘጋ እርስዎን የሚያህል ሰው እኔ አላየሁም።

እማዬ ትስማ ይሄን ደግሞ። ባለፈው እረፍት ቀኔ ላይ ኮምፕተን በሚባለው በኩል በባህሩ ዳር ስሄድ ጎንበስ ብዬ ምን አየሁ መሰላችሁ፣ ጎርጠብ! ራሱ ጎርጠብ፣ ቅጠሉ ረዘም ያለ፣ ከላይ እስከታች ጅማት ጅማቱ የወረደበት፣ መሃሉ ላይ ያ ጥቁር ራሱ ቀጥ ብሎ የቆመ። እግሬን ማጭድ የቆረጠኝ ጊዜ እማዬ አሽታ ያሰረችልኝ። ቅጠሉን በጥሼ በእጄ አሸሁት ሽታው ያው ነው። እዛው መሬቱ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰው አልነበረም ደግሞ። ቆይቼ ሳይ ቅጠሎቹ ላይ ብርቱካንማ ቢራቢሮ አለ፣ ክንፉ ላይ ጥቁር መረብ የመሰለ መስመር ያለው። ስሰማ ለካ ይሄ ቢራቢሮ በእንግሊዝ አገር ከዚህ ደሴት ሌላ የለም ማለት ይቻላል፣ ትሉ ደግሞ የሚበላው ጎርጠብ ነው፣ አንድ ላይ ተሰብስበው ድር ሰርተው ክረምቱን እዛ ውስጥ ነው የሚያሳልፉት።

ይሄን ሁሉ የነገረችኝ እኔ የምንከባከባት አንዲት አሮጊት ናት፣ አስተማሪ የነበረች፣ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። ዊልቸሯን ገፍቼ መስኮት ጋ ሳደርጋት ተራራውን እያየች ታወራኛለች። ቢራቢሮው ስሙ ግላንቪል ነው፣ ከ300 ዓመት በፊት ቢራቢሮ ትሰበስብ በነበረች እመቤት ስም፣ ስትሞት ዘመዶቿ ቢራቢሮ የምታሳድድ ሴት ጤነኛ አይደለችም ብለው ኑዛዜዋን በፍርድ ቤት አሰረዙት። አሮጊቷ ይሄን ስትናገር አሁንም ትናደዳለች። በወጣትነቷ ደግሞ ተራራው ጫፍ ላይ የሮኬት ሞተር ይሞክሩ ነበር፣ ጉርምርምታው ቤቷ ድረስ ይሰማ ነበር፣ በ1971 ሳተላይት ያወጣው የእንግሊዝ ሮኬት ሞተሩ የተፈተሸው እዚህ ነው። ንስርም አለ አባባ፣ ክንፉ ከበር ሰፋ የሚል የባህር ንስር። በስተምሥራቅ ባለው ነጭ ገደል ላይ በ1780 ጎጆ ከሰራ በኋላ ከደቡብ እንግሊዝ ጠፍቶ ነበር፣ በ2019 ጫጩቶች ከስኮትላንድ አምጥተው ለቀቁ። እኔ አንዴ አይቼዋለሁ በጣም ከፍ ብሎ።

ሚሚዬ ከዚህ ጀምሮ ለአንቺ ብቻ። ስራው ከባድ ነው። ከመምጣቴ በፊት የተነገረኝ ሰዓትና እዚህ የሚሰጡኝ ሰዓት አንድ አይደለም፣ አንዳንድ ሳምንት ሞልቶ ይተርፋል አንዳንዱ ሳምንት ኪራይ ብቻ ይከፍላል። ወገቤን ያመኛል፣ ሰው ማንሳት ነው። የቪዛዬ ስፖንሰር አሠሪዎቼ ራሳቸው ስለሆኑ ዝም እላለሁ፣ ወረቀቴ የሚታደሰው በሰርግሽ ሰሞን ነው፣ ለዛ ነው ጥር ላይ መምጣቴን ስትጠይቂኝ እሺም እምቢም ያላልኩሽ። አልመጣም ሚሚዬ። መምጣት አልችልም። "የሰው እናት ታጥባለች ለእህቷ ሰርግ ጊዜ የላትም" የሚል ይኖራል፣ ይበል፣ ያ የሚያወራው ሰው የአባባን ዓይን አያሳክምም። አንቺ ግን እንደዛ እንዳታስቢ። ጸጉርሽን እኔ እንድሠራሽ ነበር የተነጋገርነው፣ ያን አልረሳሁም። ለአባባ "እየሞከረች ነው" በያቸው ዓይናቸው እስኪድን፣ ከዛ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። እና ልጁ፣ ባልሽ የሚሆነው ማለቴ ነው፣ እውነት ረጋ ያለ ነው? እማዬ ወዳዋለች ጋሼ ግን ዝም ብሏል፣ ለምን ዝም እንዳለ ጠይቂው።

እሺ አሁን ለአባባ ቀጥዪ። ይሄኛውን ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ነው የቆየሁት፣ ግን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከኔ ይስሙት። አባባ፣ ልዑል ዓለማየሁ፣ የአጼ ቴዎድሮስ ልጅ፣ እዚህ መንደር ነበር። እዚሁ ፍሬሽወተር። መቅደላ ከወደቀ በኋላ፣ በኛ 1860 ሚያዝያ ማለት ነው፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ አርፋ፣ ልጁ 7 ዓመቱ ነበር፣ ባሻ ፈለቀ የሚሉት እንግሊዛዊ ካፒቴን ስፒዲ ይዞት መጣ። ንግሥቲቱ ቪክቶሪያ ያየችው እዚሁ ደሴት ላይ ባለው ቤተ መንግሥቷ ነው፣ ከዛ እዚህ ከስፒዲ ጋር ተቀመጠ። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ፎቶ አንሺ እዚህ ነበረች፣ ብዙ ሰው የሚያውቀውን ፎቶውን ያነሳችው እሷ ናት፣ ቤቷ አሁን ሙዚየም ነው። ከምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ ከኬር ሆሙ፣ በእግር ይደረሳል። ገባሁ። ፎቶው ላይ ፈገግታ የለም። ከቤቱ ስወጣ ያ ተራራ ፊት ለፊቴ ነው፣ ያኔ ሃይ ዳውን ነበር ስሙ፣ ያው ነጭ ገደል ያው ሳር፣ ያ ልጅ ይሄን አይቶ ምን አለ፣ በማን ቋንቋ አለ፣ ስፒዲ አማርኛ ይችል ነበር ይባላል እሱ እንኳን ይሁን። በ18 ዓመቱ ሞተ፣ ዊንዘር ነው የተቀበረው፣ አጽሙ ይመለስ ተብሎ ተጠይቆ በ2023 ቤተ መንግሥቱ አይሆንም አለ። ሻማ አበራሁለት፣ እዚህ የኛ ቤተ ክርስቲያን የለም ክፍሌ ውስጥ ነው ያበራሁት፣ እርስዎም ለቄሱ ይንገሩና በጸሎት ያስቡት።

ደግሞ ይሄን ሰምተው እኔን ከሱ ጋር እንዳያስተያዩኝ አባባ። እሱን ወሰዱት፣ እኔ በፈቃዴ ነው የመጣሁት፣ እናንተ መርቃችሁ ስንቅ ቋጥራችሁ ነው የሸኛችሁኝ፣ በሶዬ ገና አላለቀም። ደህና ነኝ። ክብደት ጨምሬያለሁ ራሱ። የሚያስጨንቀኝ የእርስዎ ዓይን ነው። ሐኪሙ ቀላል ነው ብሏል፣ ሞራ ማስወገድ በዛው ቀን ቤት የሚገባበት ነው፣ መርፌ ፈርተው እንዳይቀሩ። ለሚሚ ሰርግ ሙሽራዋን ራስዎ ነው የሚያዩዋት እንጂ ቀሚሷ ምን አይነት ነው ብለው ሰው አይጠይቁም።

ሚሚዬ፣ ጋሼ በዚህ ሳምንት ደብረ ብርሃን ወርዶ ቀጠሮ ያስይዝ፣ የቀጠሮውን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ካልላክሽ አላምንም። የትኛው ዓይን ቀድሞ እንደሚሠራ ሐኪሙን ጠይቁት፣ አባባ በስኳር የሚወስዱትን መድኃኒት ይዘው ይሂዱ አይርሱ። የሚዜዎቹን ቀሚስ ቀለም ቶሎ ወስኑ፣ ጨርቅ ከዚህ ሰው ስለሚሄድ በሰኔ መጨረሻ ልሰጠው እችላለሁ፣ ስንት ሜትር እንደሆነ ግን ሰፊዋን ጠይቂና ጻፊልኝ። እሁድ እረፍት ነኝ፣ ከቅዳሴ መልስ ደውዪ።