የፕሮስቴት ቫይታሚን ማስታወቂያችሁን በተመለከተ

ሰላም ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። ባለፈው እትማችሁ ላይ የወጣውን የፕሮስቴት (ወንዶች ብቻ ያላቸው፣ ከሽንት ፊኛ በታች ያለ እጢ) ቫይታሚን ማስታወቂያ አይቼ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሰራው፣ ያንን ገጽ ቀደው ይዘው የሚመጡ አባቶች አሉ፣ "ልጄ ይሄ አላችሁ?" ይሉኛል፣ አንዳንዱ ለራሱም አይደለም፣ አዲስ አበባ ላለ ወንድሙ ሊልክ ነው፣ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሲገኝ ሶስት አራት ብልቃጥ ሻንጣው ውስጥ ይጨመራል።

ማስታወቂያው ቫይታሚን ኢ እና ሴሊኒየም የሚባለው ማዕድን ፕሮስቴት ካንሰር ይከላከላሉ ነው የሚለው። ይሄ ነገር እኮ ተሞክሯል፣ ያውም በትልቁ! መጀመሪያ ተስፋው ከየት መጣ ብትሉ፣ ፊንላንድ ውስጥ በአጫሽ ወንዶች ላይ ተሰርቶ 1994 ላይ የወጣ ጥናት ነበር፣ ቫይታሚን ኢ የወሰዱት ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በአንድ ሶስተኛ ገደማ ቀንሶ ታየ፣ 1996 ላይ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በሴሊኒየም ተመሳሳይ ነገር ተገኘ። ግን የፊንላንዱ የተሰራው ለሳንባ ካንሰር፣ የአሜሪካው ለቆዳ ካንሰር ነበር፣ የፕሮስቴቱ ውጤት በጎን የመጣ ነው። ስለዚህ እውነት ይሁን አይሁን ለማወቅ ሴሌክት የሚባለው ጥናት 2001 ላይ ተጀመረ፣ 35,533 ወንዶች ገቡበት፣ ጥቁር ወንዶች ቶሎ ስለሚያዙ ከ50 አመት ጀምሮ፣ ሌሎቹ ከ55 ጀምሮ። በእጣ አራት ቦታ ተከፈሉ፣ ገሚሱ በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ፣ ገሚሱ 200 ማይክሮግራም ሴሊኒየም፣ ገሚሱ ሁለቱንም፣ የቀሩት መድሃኒት የሌለበት መልኩ ግን አንድ አይነት የሆነ ክኒን፣ ማን ምን እንደሚወስድ ሰውየውም ሀኪሙም አያውቅም።

2008 ላይ ክኒኑ እንዲቆም ተደረገ፣ ምንም ጥቅም አልታየበትማ። ሰዎቹን መከታተል ግን አልቆመም፣ እና 2011 ላይ የወጣው ነው እኔን የሚያስጨንቀኝ፣ ቫይታሚን ኢ ብቻውን የወሰዱት ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። በሰባት አመት ውስጥ ከሺህ ሰው መድሃኒት የሌለበትን ከወሰዱት 65ቱ ሲያዙ ቫይታሚን ኢ ከወሰዱት 76ቱ ተያዙ ማለት ነው። 2014 ላይ ደግሞ ድሮውንም ሰውነታቸው ውስጥ በቂ ሴሊኒየም የነበራቸው ሰዎች ተጨማሪ ሲወስዱ ኃይለኛው አይነት ካንሰር የመያዝ እድላቸው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ተባለ። ቫይታሚን ነው ምን ይጎዳል የምንለው ነገር እዚህ ጋ አይሰራም በቃ።

ፍርሃቱ ግን ይገባኛል፣ ትክክልም ነው። እዚህ አገር ጥቁር ወንዶች በዚህ በሽታ የመሞት እድላቸው ከነጮቹ እጥፍ ነው፣ አባቱ ወይ ወንድሙ የታመመበት ሰው ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። ለዛ ሰው የሚጠቅመው 45 አመት ሲሞላው የፕሮስቴት ካንሰር ምልክት ስለሚፈልገው የፒኤስኤ የደም ምርመራ ሀኪሙን ማናገር ነው፣ ጥቅሙንም ጉዳቱንም ጠይቆ መወሰን። ክኒኑን ስለገዛ ብቻ ተጠብቄያለሁ ብሎ ቀጠሮውን የሚተው ሰው እያየሁ ነው፣ አንጀቴን የሚበላው እሱ ነው።

አዘጋጆች፣ ብልቃጡን አዙራችሁ ብታዩት በደቃቅ ጽሁፍ ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና የመድሃኒት ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት) ይሄንን አልመረመረውም፣ በሽታ ለመከላከልም ለማዳንም አይደለም የሚል አለበት፣ ህጉ ስለሚያስገድዳቸው ነው የሚጽፉት፣ ሰፕሊመንት፣ ማለትም እንዲህ ያለ ተጨማሪ ቫይታሚንና ማዕድን፣ ገበያ ላይ ለመውጣት የኤፍዲኤ ፈቃድ አያስፈልገውም። እናንተ ጋ የወጣው አማርኛው ላይ ግን ያቺ ጽሁፍ የለችም፣ አባቶቻችን ደግሞ የሚያነቡት አማርኛውን ነው። እባካችሁ ማስታወቂያውን ድጋሚ የምታወጡት ከሆነ ያቺን ጽሁፍ በአማርኛ፣ በሚነበብ ፊደል አስገቧት፣ ከተቻለ ደግሞ አንድ ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የፕሮስቴት ሀኪም) ጋብዛችሁ አንባቢው ይጠይቀው። አሁን እየወሰዳችሁ ያላችሁም በተለይ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ከሆነ ብልቃጡን ይዛችሁ ሀኪማችሁን አማክሩ፣ ቫይታሚን ኢ ሲበዛ ደም መፍሰስ ያመጣል።

አክባሪያችሁ፣ ከሜሪላንድ