የእንግሊዝኛ ቃላት ክበብ የ2016 ዓ.ም. ክንውን

«ዓርብ ዓርብ ካርቶን እየበተኑ የሚጫወቱት ልጆች የየትኛው ክበብ ናቸው?» የሚል ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ከመምህራን ማረፊያ ክፍልም ከወላጆችም ሲደርሰን ቆይቷል። የእኛ ናቸው። ሥራቸውም የተሰጣቸውን ፊደላት ይዘው ከውስጣቸው ሊወጡ የሚችሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት መፈለግ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው። ቃሉ ከምን ከምን እንደተሠራ ማየት የለመደ ልጅ የሚጠቀመው በእኔ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ እንዳልሆነ የሥራ ባልደረቦቼ ይመሰክሩልኛል ብዬ አምናለሁ።

ምዝገባው በመስከረም መጨረሻ፣ የኮሚቴ ምርጫው በጥቅምት ተካሂዷል። ዕቅዱና የየወሩ ሪፖርት በክበባት አስተባባሪው ፋይል ውስጥ ስላለ አልደግመውም። በሰልፍ ሰዓት ማስታወቂያችንን ሳይሰለቹ ያነበቡልንን የሚኒ ሚዲያ ልጆች ግን ሳላመሰግን አላልፍም።

ፊደል የተጻፈባቸውን ቁራጮች እየገጣጠሙ ቃል የሚሠሩበት የስክራብል ጨዋታ መግዣ ስላልነበረን ፊደላቱን ከካርቶን ቆርጠን ሠራን። ስክራብልን የፈጠረው አሜሪካዊው አርክቴክት አልፍሬድ በትስ፣ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ መግባት እንዳለበት የወሰነው የጋዜጣ ገጾችን ፊደል በፊደል እየቆጠረ ነበር። ስለዚህም ከ100ዎቹ ቁራጮች 12ቱ ኢ ሲሆኑ ኪው እና ዜድ አንድ አንድ ብቻ ናቸው። እኛም በዚሁ ልክ ቆረጥን። ልጆቹ ኪው ሲደርሳቸው ወዲያው ዩን መፈለግ፣ አይ፣ ኤን እና ጂ አንድ ላይ ሲገኙ ደግሞ ለቃሉ ማብቂያ ለይቶ ማስቀመጥ የለመዱት በእነዚሁ ካርቶኖች ነው።

በዚህ ዓመት ከሁሉ በላይ የምኮራበት በ10ኛ ክፍል ልጆቻችን የተጀመረው የካርድ ሣጥን ነው። መዝገበ ቃላት የሚረዳው ቃሉ በየትኛው ፊደል እንደሚጀምር ለሚያውቅ ሰው ነው። «እነዚህ አምስት ፊደላት አሉኝ፤ ምን ይወጣቸዋል?» ለሚል ተማሪ የትኛውን ገጽ እንደሚከፍት አይነግረውም። የሒሳብ መምህራችን አምስት የተለያዩ ፊደላት በ120፣ ስምንት ሲሆኑ ደግሞ በ40,320 መንገድ እንደሚደረደሩ በሰሌዳ ላይ ሲያሰሉላቸው፣ ልጆቹ ሁሉንም እየሞከሩ መዝለቅ እንደማይቻል ገባቸው። መፍትሔው እያንዳንዱን ቃል በፊደላቱ የኤ ቢ ሲ ተራ መመዝገብ ሆነ። ለምሳሌ ልብ የሚባለው ሃርትም፣ ምድር የሚባለው ኧርዝም ሲደረደሩ ኤ፣ ኢ፣ ኤች፣ አር፣ ቲ ስለሚሆኑ አንድ ካርድ ላይ ይሰፍራሉ። ያገኘኸውን ፊደል በተራ ደርድር፣ ካርዱን ምዘዝ፣ ቃላቱ አንድ ላይ ተጽፈው ታገኛቸዋለህ። ሣጥኑ የጫማ ካርቶን ነው፤ አሁን ክዳኑ አልገጥም ብሏል።

ፊደል ሲያስገቡለት ቃላቱን በቅጽበት የሚዘረዝር ድረ ገጽ እያለ ልጆቹ ለምን ይደክማሉ ያሉኝም አሉ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም የሚጠቀምበት አንዱ ዘዴ የእኛ ልጆች በእጃቸው የሠሩት ያው ድርደራ ነው። መልሱን ብቻ ያየ ተማሪ ይህን አያውቅም፤ የእኛዎቹ ያውቃሉ።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ወደ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄድን። ከጊዮርጊስ ተነስተን ራስ መኮንን ድልድይን ወርደን አራት ኪሎ እስክንወጣ ልጆቹ የሱቅ ማስታወቂያ እያነበቡ ፊደል ያገለባብጡ ነበር። ከገባን በኋላ ግን ድምፅ ማሰማት ስለማይቻል ውድድሩ በጽሑፍ ብቻ ሆነ። የሰጠኋቸው ስምንት ፊደላት ኤ፣ ኢ፣ ጂ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤን፣ አር እና ቲ ነበሩ። አብዛኞቹ እንደለመዱት አይ፣ ኤን፣ ጂን ወደ መጨረሻ ወስደው ኦልተሪንግ፣ ሪሌቲንግ እያሉ ጻፉ።

በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪያችን ግን ካርቶኖቹን እንደገና በተነቻቸው። ከመካከላቸው አምስቱን አቀራርባ አንግል የሚለውን ሠራች። ቲ፣ አር እና አይ ተረፏት። ትንሽ አየቻቸውና ሦስቱን በአንድ ጣቷ ገፍታ ከፊት አስቀመጠቻቸው። ትራያንግል! ምንም ሳትናገር ወረቀቱን አጠገቧ ወደተቀመጠው የ12ኛ ክፍል ተማሪ አንሸራተተችለት። እሱ ፊደላቱን አንድ በአንድ ምልክት እያደረገ አረጋግጦ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀና ከሥሩ የራሱን ቃል ጻፈ፦ ኢንተግራል። እነዚያው ስምንት ፊደላት ናቸው። እሷ ቃሉን ሰምታው ስለማታውቅ በእጇ ምልክት ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ወረቀቱን ገልብጦ የተጠማዘዘ መስመር ሣለ፣ ከሥሩ ያለውን ቦታ በቀጫጭን ቋሚ መስመሮች ከፋፈለው፤ ስፋቱ እንዴት እንደሚደመር በሹክሹክታ ያስረዳት ጀመር። ውድድሩ ሲያበቃም አልሰሙም፤ እኔም አልጠራኋቸውም። ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ በአንድ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን አላየሁም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ተዳክመናል። ፒያሳ ሲፈርስ የብዙ አባሎቻችን ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። ያቺ የ9ኛ ክፍል ልጅም አንዷ ናት፤ አውቶቡስ እንዳያመልጣት ከክበቡ በፊት ለመሄድ ትገደዳለች። ሊደረግ የታሰበው ውድድርም በዚሁ ምክንያት ቀርቷል።

ዓመቱን ሙሉ የሠራነው በአንድ መዝገበ ቃላት ነው፤ እሱም ከደብልዩ በኋላ ያሉት ገጾች የሉትም። ለሌሎች ክበባት ማሊያና ድምፅ ማጉያ ሲገዛ ደስ ብሎናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ተራው የእኛ ይሁን። የምንጠይቀው ለየቡድኑ አንድ መዝገበ ቃላት፣ የካርድ ሣጥኑ ክረምቱን ከዝናብና ከአይጥ የሚተርፍበት ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ከሩቅ የሚመጡት ልጆች እንዳይቀሩብን የክበቡ ጊዜ ወደ ምሳ ሰዓት እንዲዛወር ነው። ቤታችሁ ያለ ሥራ የተቀመጠ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያላችሁ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በክበባችን ስም አስረክቡልን። ሽፋኑ ቢቀደድም እንጠግነዋለን፤ ገጾቹ ሙሉ ይሁኑ እንጂ።