ደረቅ ጨርቅ አታስነኪያት

ልጄ፣

ሰላም ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የእናትሽ ጉልበትም ሰሞኑን ቀለል ብሎላታል።

አጎትሽ ትናንት ከድሬዳዋ ተመልሶ የነገረኝ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ከዚራ ሰፈር አግኝቶሽ ነበር። ዘበኛችሁ ያቺን አዲስ መኪና በደረቅ ጨርቅ ሲወለውል አንቺ አጠገቡ ቆመሽ በስልክ ታወሪ ነበር አለኝ። እሱማ “እንዴት ታበራለች መሰለህ” እያለ ያመሰግንሻል! የባንክ ዕዳዋን እንኳ ገና አልጨረስሽም። አቧራዋን ሳታርጥቢ ጨርቅ አታስነኪያት።

ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ እየተነሣ ከተማውን የሚያለብሰው ነገር የደቀቀ ድንጋይ ነው፤ ስለላመ ለስላሳ አይምሰልሽ። የዛሬ መኪና ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ቫርኒሽ ደግሞ ከራስ ፀጉር የሳሳ ነው። የእኔ ፔጆ 404 ሌላ ነበረች። ቀለሟ አንድ ወጥ ስለነበር በፖሊሽ ስትታሽ ጨርቁ ራሱ ቀለሟን ይዞ ይመጣ ነበር፤ ጭረቱም ይጠፋል። ያንቺን በደረቁ ካሿት ግን ፀሐይ ሲያርፍባት ሸረሪት ያደራባት ትመስላለች። ያንን ለማጥፋት ፖሊሽ ባስደረግሽ ቁጥር ቫርኒሹ እየሳሳ ይሄዳል እንጂ አይተካም።

ውሃ የለም እንዳትይኝ። አንድ ባልዲ ይበቃል። ሳይለቀለቅ የሚያጸዳ የመኪና ሻምፖ አለ፤ አቧራውን አንሸራትቶ ከቀለሙ ላይ ያነሣዋል። ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጪው፤ ሲበዛ የሚሻል ነገር አይደለም። ከባልዲው ቀንሰሽ በእጅ በሚገፋ መርጫ በሩን ወይም ኮፈኑን አርጥቢና ትንሽ ታገሺ። (መርጫው አዲስ ይሁን። የጫት ተባይ መድኃኒት የነካውን ማንም ቢሰጥሽ አትቀበዪ።) የማይክሮፋይበር ጨርቅ አራት ላይ አጣጥፈሽ ባልዲው ውስጥ ንከሪው፤ ሳትጫኚ በቀጥታ መስመር ሳቢው፤ አታዙሪው። አንዱ ገጽ ሲቆሽሽ ወደ ንጹሑ ገልብጪ። የቆሸሸውን ጨርቅ ወደ ባልዲው አትመልሺ፤ መሬት የወደቀውንም የዚያን ቀን አትንኪው። ከጣሪያው ጀምሪ፤ የበሮቹን ታች መጨረሻ አድርጊ፤ ለቸርኬ የራሱ ጨርቅ ይኑረው።

እያንዳንዱን ክፍል እንደጨረስሽ በሌላ ጨርቅ አድርቂው። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ነገር ታውቂዋለሽ፤ መኪናሽም ላይ ያንኑ ይተዋል። ስለዚህ በማለዳ፣ በጥላ፣ ኮፈኑ ሳይግል ይሁን። የወፍ ኩስ ካለ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጊበትና ይራስ፤ በጥፍርሽ አትፋቂው።

የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና መኪናዋ የተቀባችውን ሰም ስለሚገፍፍ ይቅርብሽ። ናፍታ ቀብቼ ላብራልሽ የሚል ከመጣ አባርሪው፤ አቧራውን ሰብስቦ ይለጥፍብሻል። በደንገጎ ዳገት በኩል በዝናብ መጥተሽ ጭቃ ከለበሰች ደግሞ በባልዲ አትታገዪ፤ ላቫጆ ውሰጃት፤ በግፊት ውሃ ጭቃው ይውረድ። ያን ጊዜም ቢሆን ልጆቹ ሳያርሱ ጨርቅ እንዳያስነኳት ከአጠገባቸው አትራቂ።

ይህን ሁሉ ከየት አመጣው ትዪ ይሆናል። ሐረማያ ሐይቅ ሙሉ በነበረ ጊዜ እሑድ እሑድ ፔጆዋን ሐይቁ ዳር አቁመን ባልዲ በባልዲ ላይ ስናፈስ እንውል ነበር። የሐረር ቧንቧም ውሃው ከዚያው ነበር። በ1990ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ጫቱና አትክልቱ በመስኖ ሲጠጣው፣ ከተማው ሲስበው፣ ከተራራው የሚወርደው ደለል ሲሞላው ሐይቁ ደረቀ። ከብት ሣር ሲግጥበት በዓይኔ አየሁ። እናትሽ ከጄሪካኑ አንድ ጆግ ቀድታ “ለፔጆህ ይኸው፤ ሌላ ብትነካ እንጣላለን” ትለኝ ነበር። ጆጉን የምትይዢልኝ አንቺ ነበርሽ፤ ታስታውሺዋለሽ? በአንዲት ጆግ ማጠብ ያን ጊዜ ለመድኩ። አሁን ሐይቁ ተመልሷል፤ ስናልፍ ወፎቹን እናያለን። ግን በድሮው መልኩ ሳለ እናትሽንና እናንተን ዳርቻው ላይ አቁሜ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አላስነሣሁም። የት ይሄዳል ብለን! ይህ ነገር ማታ ማታ ይመጣብኛል።

አሁንማ የምንጠጣው ከእናንተ ወገን፣ ከሐሰሊሶ፣ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ተገፍቶ የሚመጣ ውሃ ነው። ቱቦ ከፍተሽ መሬት ላይ ብታፈሺው አዝንብሻለሁ፤ ፈርተሽ በደረቅ ብትወለውያትም አዝንብሻለሁ።

ገንዘብ አትላኪልን፤ ዕዳሽን ክፈዪ። ራስሽን ጠብቂ፤ ከስተሻል አሉ፤ ምሳ ሳትበዪ አትዋዪ።

ጨርቆቹን በአጎትሽ ልኬልሻለሁ፤ ሰማያዊው ለቸርኬ ነው። ለብቻቸው እጠቢያቸው፤ ልብስ ማለስለሻ አትጨምሪ። እናትሽ በርበሬ እዚያው ዘንቢል ውስጥ ከትታበታለች፤ ከፌስታሉ ፈስሶ ከሆነ ጨርቆቹን በደንብ አራግፊና አጥበሽ ተጠቀሚባቸው።

አባትሽ
ሐረር